አፍንጫዬና የባለዳቦው ሰልባትዮ

ኅዳር 2

ቀኑ እንደ ሁልጊዜው። ጋራዡን እኔ ከፈትኩ። ወንድሜ አርፍዶ መጣ። ልጁ ሌሊቱን አላስተኛኝም አለ። ልጁ እኮ እየሮጠ ነው፣ እስከ መቼ ነው የማያስተኛው?

እሱ ሞተር ፈታ። እኔ ጥግ ካለው ጠረጴዛዬ ላይ ሰልባትዮ፣ የሞተር ሳይክል ቤንዚን መያዣ። የፖስተኛው ነው። ታቹ በዝገት ተበልቶ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ብሎንና ዳዶ ጨምሬበት ክንዴ እስኪዝል ነቀነቅኩት። የወጣው ዝገት ጭቃ ነው የሚመስለው። ከዚያ አሲድ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ቲነር፣ ከዚያ ማድረቅ።

ጣጣው ማድረቁ ላይ ነው፤ ጠብታ ከቀረበት ማሸጊያው ብረቱን አይዝም። ቤንዚንም ቲነርም ብረቱ የተገጣጠመበት ስፌት ውስጥ ይደበቃል። በእጅ ሲነኩት ደረቅ ነው፣ በባትሪ ሲያዩት ደረቅ ነው። ይህን ያህል ቀን ጠብቂ የሚባል ነገር የለውም። የሚያውቀው አፍንጫ ብቻ ነው። ድሮ ከመሙያው አፍ ላይ አንዴ ሳብ አድርጌ እጨርሰው ነበር። ያ ጉንፋን አፍንጫዬን ይዞብኝ ከሄደ ወዲህ ግን... ክረምቱ ሳይገባ ነበር፣ ይኸው አልመለሰውም። ቤንዚኑም ሳሙናውም ለእኔ አየር ነው።

ስለዚህ ወንድሜን እጠራለሁ። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ፣ የደበቅኩት ነገር የለም።

"ይሸታል?"

ጎንበስ ብሎ አሸተተ። "አይሸትም እትዬ። ንጹሕ ነው።"

ማሸጊያውን፣ ውስጡን ለብጦ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ፣ ከማድረቂያው ጋር በጠበጥኩ፣ ጨመርኩ፣ አፉን በጎማ ወተፍኩ፣ ማገላበጥ ጀመርኩ። በጎኑ፣ በጀርባው፣ በግንባሩ። ፈሳሹ ያልደረሰበት ጥግ መቅረት የለበትም። ቀስ ብሎ ነው፣ የቸኮለ ሰው አይሆንለትም። ወንድሜ አይሆንለትም።

ልንዘጋ ስንል እንዲህ አለኝ። "እትዬ፣ ከፊት በኩል ጠረጴዛ ብናደርግልሽስ? ደንበኛ የሚቀበል፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልገናል።" ስልክ የማነሳው ምን ቆርጦኝ?

ኅዳር 5

ባንክ ሄጄ ነበር። ብርድ ስለነበረ የሥራ ጃኬቴን እንደለበስኩ። ሰልፉ አያልቅም። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና ራቅ አለች። ከኋላዬ ያለውም። ምነው፣ መካኒክ አይተው አያውቁም? እንደውም ሰፋ ብዬ ቆምኩ።

ኅዳር 8

ዛሬ የሆነውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ባለዳቦው መጣ። በሞተር ለየሱቁ ዳቦ የሚያከፋፍለው ልጅ እግር። ካርቡሬተሩን ጥረጉልኝ አለ። ወንድሜ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። እኔው ልጥረግልህ ብዬ ስጀምር፣ እግረ መንገዴን ሥራዬን ልየው ብዬ የሰልባትዮውን ክዳን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ያሸግኩለት፣ በመስከረም።

ነጭ።

የኔ ማሸጊያ ግራጫ ነው። ከድሮም ጀምሮ ግራጫ፣ ሌላ ገዝቼ አላውቅም። ይሄ እንደ ሸክላ ሳህን ነጭ። ባትሪ አምጥቼ አየሁ፣ ዓይኔን አሸሁ፣ ደግሜ አየሁ።

"ይሄን ማን ነካው?"

"ምኑን?"

"ውስጡ ነጭ ነው።"

"ነጭ ነው እንዴ?" አለኝ። ሰውየው ቤንዚን ሲሞላ በየቀኑ የሚያየውን።

ባትሪውን ፊቱ ላይ አበራሁበት። ላብ በላብ ሆነ። "እትዬ፣ እኔ ምንም አላውቅም። ወንድምሽን ጠይቂው። ግን እሱ ነገረኝ እንዳትይ።"

"ምኑን ነገርከኝ?"

"ምንም።"

ካርቡሬተሩን ሳያስጠርግ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሞተሩ እየታነቀም ቢሆን ሄደ።

ኅዳር 9

ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሸሸኝ። አንዴ ዕቃ፣ አንዴ ስልክ፣ አንዴ ሆዴን አመመኝ። እኔም ቤቱ ሄጄ ሚስቱን ያዝኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር፣ መሸሻ የላትም።

"የባለዳቦውን ሰልባትዮ ማን ነው የሠራው?"

"እ... መጀመሪያ አንቺ።"

"ከዚያስ?"

አንድ የልጅ ካልሲ ላይ ሦስት መቆንጠጫ ደረደረች። "ተላጠበት እትዬ። ልጣጩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ገብቶ መሃል መንገድ ላይ ቆመበት። ወንድምሽ ፍቆ እንደገና ሠራለት። እንዳይከፋሽ ብለን ነው..."

"የባለዳቦውን ብቻ ነው?"

ዝም።

"የዘበኛውንስ? የዚያችን ነርስስ?"

"እትዬ፣ ሻይ ላፍላልሽ?"

ሁሉንም ነው ማለት ነው። ከጉንፋኑ ወዲህ የነካሁትን ሁሉ። እሁድ እሁድ "ኳስ ላይ ነበርኩ" እያለ የሚመጣው ለካ ጋራዥ ገብቶ የኔን ሥራ ሲፍቅ ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ሰኞ ሰኞ "ማን አሸነፈ?" ብዬ እጠይቀው ነበር። ይነግረኝም ነበር! ውጤት ሁሉ።

"እማዬስ ታውቃለች?"

"ዝም በሉ ያለችን እማዬ አይደለች?"

ቆሽቴ አረረ። ሻዩንም አልጠጣሁ።

ኅዳር 10

ማንንም አላናገርኩም። መፍቻ ባስቀመጥኩ ቁጥር ግን ሁሉም ሰምቷል።

ኅዳር 11

እሱ ለምሳ ሲወጣ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከአሮጌ ጨርቅ ጋር በጆንያ ወሽቆታል፤ የኔን ግራጫ ልጣጭ። አውጥቼ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት።

ማገላበጤ እንከን የለውም። እኩል ነው፣ አልሳሳም፣ የቀረ ጥግ የለም። ነገር ግን ብረቱን የያዘበት ፊቱ አረፋ አረፋ ሠርቷል፤ የፈላ ወተት ላይ እንደሚንሳፈፈው ስስ ነገር ሙሉ ለሙሉ ነው የተነሳው። ይሄ የእጅ ጥፋት አይደለም። ባልደረቀ ነገር ላይ ነው ያፈሰስኩት። ቲነር ነበረበት።

ግን እኮ ጠይቄያለሁ። ሁልጊዜ፣ አንድም ሳልዘል፣ ይሸታል ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። "አይሸትም እትዬ፣ ንጹሕ ነው።"

ይሸት ነበር። እያወቀ ነው። አፍንጫውን አስገብቶ፣ ቲነሩን ጠጥቶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ንጹሕ ነው ይለኛል። ከዚያ እኔ ግማሽ ቀን አገላብጣለሁ። ከዚያ እሱ እሁዱን ሰውቶ ይፍቃል። "ይሸታል" የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ከምትወጣ። ምን ዓይነት ሰው ነው ከአንዲት ቃል ይልቅ ይሄን ሁሉ ሥራ የሚመርጠው? የኛ ቤት ሰው።

ኅዳር 12

ምናልባት ተሳስቼ ይሆን ብዬ አደርኩ። ምናልባት እሱም አፍንጫው ደክሞ ይሆን? ልፈትነው አልኩ።

አንድ የተጣለ ሰልባትዮ ወሰድኩ። በብርጭቆ ሙሉ ቲነር ገለበጥኩበት። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ ሠርቼ እንደጨረስኩ ሁሉ እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ጠራሁት።

"ይሸታል?"

ጎንበስ አለ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። አሳለው።

"አይ... ደህና ነው እትዬ።"

እማዬ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። "እስቲ አንቺ እይው" አልኳት። በነጠላዋ አፍንጫዋን እየያዘች ቀረበች። "ምንም አይሸትም የኔ ልጅ። እጅሽ ይባረክ።"

ሰልባትዮውን አንስቼ እግራቸው ሥር ደፋሁት። ቲነሩ መሬቱ ላይ ተንጣለለ። ሁለቱም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

"እና ምን ልበልሽ?" አለ ወንድሜ በመጨረሻ። "ሥራውን ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ። መፍቻ አያያዝ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ተነስቼ፣ በደንበኛ ፊት፣ አልደረቀም መልሰሽ እጠቢ ልበልሽ?"

"አዎ።"

"አልችልም።"

"አፍህ ነው የማይችለው?"

"አልችልም አልኩሽ እኮ። ለዚህ ነው ከፊት ሁኚልኝ የምልሽ። ለሁላችንም ይሻላል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሰልባትዮ መቀበል እናቆማለን፣ ለደንበኞችም ነግሬያለሁ።"

ለደንበኞች ነግሯል። ለእኔ ሳይነግር። ለዚህ ጊዜ አፉ ሠራለት።

ኅዳር 16

ጠረጴዛው መጣ። ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ የሚገባበት ጋ አስቀመጡት። ወንበሩ ላይ ትራስ አለ። የወንድሜ ሚስት ራሷ ሰፍታው ነው። አበባ ያለበት።

ትራስ! ምን ሆኛለሁ እኔ? እግሬ ተሰበረ? ትራሱን አንስቼ ጎማ መደርደሪያው ላይ ወረወርኩት። ማታ ስወጣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ነበር።

ኅዳር 19

እማዬ ዛሬ ልትመክረኝ ተነሳች። "ስለሚወድሽ እኮ ነው" አለች። "ሌላው ወንድም ቢሆን ያሳፍርሽ ነበር።"

ቢያሳፍረኝ ይሻለኝ ነበር አልኳት። አልገባትም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እንዳይከፋው ስትል የማይጥማትን ስትጎርስ፣ የማይስቃትን ስትስቅ የኖረች ሴት ናት። እኛንም በዚያ ነው ያሳደገችን። በኛ ቤት ፊት ለፊት መናገር ብልግና ነው፤ ከጀርባ ማፍረስ ደግሞ ደግነት።

እዚህ ላይ ለራሴ ልጻፈው። ፈርቻለሁ። ከተናደድኩት እኩል ፈርቻለሁ። አባዬ ካለፈ ጀምሮ ያንን ጥግ የያዝኩት እኔ ነኝ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ በዚህም አልተቆጨሁም፤ ሥራ አለኝ እል ነበር። አሁን ያ ሲቀር ምን ልባል ነው? ትራስ ላይ ተቀምጣ "ቆይ ልጥራው" የምትል ሴትዮ?

ቆይቼ ጠብቄ ለብዙ ጊዜ ባደርቀውስ ብዬም አሰብኩ። አይሆንም። ስፌት ውስጥ የገባ ቤንዚን ወር ይቀመጣል፣ ዳቦ ደግሞ ወር አይጠብቅም። አፍንጫ ያስፈልገኛል። እውነት የሚናገር አፍንጫ። የወንድሜን ሚስት እንዳልጠይቃት "አንቺ ምን ትያለሽ?" ነው የምትለው።

ኅዳር 24

ዛሬ ጉድ ፈላ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ባለዳቦው ሞተሩን እየገፋ መጣ። ሰልባትዮው ያንጠባጥባል። መቀመጫው ሥር፣ ኋላ ጥጉ ላይ። ቤንዚኑ የጋለው ሞተር ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ወንድሜ "ቀላል ነው፣ ከላይ እደፍንልሃለሁ" አለው። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ፈታሁት፣ ደፋሁት፣ ትንሿን መስታወት አስገብቼ በባትሪ አየሁ።

ኋላ ጥጉ ላይ ማሸጊያ የሚባል ነገር አልደረሰም። ባዶ ብረት፣ ያውም የዛገ። መሃሉ ላይ ደግሞ ነጩ ኩሬ ሠርቶ ደርቋል። አፍስሶ፣ ሁለቴ ነቅነቅ አድርጎ፣ አስቀምጦታል። እንደፈራሁት።

ምላሴ ላይ መጣ፦ "ትንሽ ነገር ናት፣ ይስተካከላል።" የእማዬ ልጅ አይደለሁ? ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ዋጥኩትና እንዲህ አልኩ፣ ባለዳቦው ቆሞ እየሰማ፦

"ይሄ ሥራ ብልሽት ነው። አላገላበጥከውም። ይሄ ልጅ በእሳት ላይ ተቀምጦ ነው ዳቦ ሲያድል የከረመው።"

ወንድሜ ፊቱ ደም መሰለ። "እትዬ፣ ሰው ፊት..."

"ሰው ፊት ነው። ሞተሩም የሰው ነው።"

ባለዳቦው "እኔ ቆይቼ ልምጣ?" አለ። "ቁም" አልነው፣ ሁለታችንም እኩል።

ያኔ ነው ወንድሜ የፈነዳው። ከተወለደ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

"የኔ ብልሽት ነው? የኔ? ያንቺስ? ያንቺ ይሸት ነበር! የዘበኛው ይሸት ነበር፣ የነርሷ ይሸት ነበር፣ የፖስተኛው ያውም ራስ የሚያዞር ነበር! በእያንዳንዱ እሁድ ወገቤ እስኪቆረጥ የፋቅኩት እኔ ነኝ! ደግሞ ጃኬትሽም ይሸታል!"

"የምን ጃኬት?"

"የለበስሽው! የእማዬ ድመት ከሸናችበት ወር ሊሞላው ነው! ቤቱ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚበላው! ደንበኛ የሸሸው ከሰልባትዮው አይደለም፣ ከጃኬትሽ ነው!"

ባለዳቦውን ዞሬ አየሁት።

"እውነት ነው?"

ጣሪያውን አየ፣ መሬቱን አየ። "ትንሽ... ትንሽ ነገር አለው እትዬ።"

ጃኬቱን አወለቅኩ። ብርድ ነበር። ወንድሜ እያለከለከ ቆሟል፣ የሰው መስኮት የሰበረ ልጅ ይመስላል። "ይቅርታ" ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት።

"እንዳትለው" አልኩት። "ይቅርታ ካልከኝ ያንን ትራስ ነው የማጎርስህ። ይሄንን አፍ ይሄን ሁሉ ጊዜ የት አስቀምጠኸው ነበር?"

ወጣሁ። በሸሚዜ ቤት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እየተናደድኩ፣ ባንኩን እያስታወስኩ፣ እየተናደድኩ።

ኅዳር 25

ጃኬቱን ዘፍዝፌ አጠብኩ። እማዬ አጠገቤ መጥታ ቆመች። "እኔም ልነግርሽ ፈልጌ ነበር" አለች። ውሃውን ደፍቼ ሌላ ቀዳሁ።

ከዚህ ቤት ድመቷን ብቻ ይቅር ብያታለሁ። እሷ ያላትን ሳትደብቅ ገልጻለች።

ኅዳር 27

ወደ ጥጌ ተመለስኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም፣ ማንም ነይ አላለኝም። የባለዳቦውን ሰልባትዮ ይዤ ተቀመጥኩ። የወንድሜን ነጭ ማላቀቅ ሞት ነው። እንደዚያ ሳያገላብጥ አፍስሶት እንዴት እንዲህ ይጣበቃል? ደረቅ ብረት ላይ ስላፈሰሰው ነዋ። ለራሱ ሲሆን አፍንጫው ይሠራል።

ከወንድሜ ጋር አልተነጋገርንም። አንዴ ብቻ መፍቻ አቀበለኝ።

ኅዳር 29

ዝገቱ ወጣ። አሲዱ ወጣ። ውሃ፣ ቲነር። ባለዳቦው በሰው ብስክሌት እየሠራ ነው፣ በየቀኑ በር ላይ ብቅ ብሎ "እየመጣ ነው?" ይላል። እየመጣ ነው።

ወንድሜ ከነገ ወዲያ ሊመጣ የነበረ ሌላ ሰልባትዮ እንዳይመጣ ስልክ ሊደውል ነበር። ስልኩን አንስቶ አየኝ። እኔም አየሁት። "የባለዳቦውን ልየው መጀመሪያ" ብሎ አስቀመጠው። ልየው ነው ያለው። ምን ሊያይ? እሱ ነው ደግሞ መርማሪ።

ግን ገባኝ። ሰልባትዮ መቀበል መቀጠላችን በዚች በአንዷ ነው የሚወሰነው።

ታኅሣሥ 1

ዛሬ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ስልክ ሲጮህ ዋለ። ማንም አላነሳም።

ታኅሣሥ 3

ጠዋት ሰልባትዮው በእጅም በዓይንም ደረቅ ነበር። አምኜበታለሁ። ማሸጊያውን ከፍቼ፣ ማድረቂያውን አዘጋጅቼ፣ መበጥበጫ እንጨቱን ጠርጌ ነው የጠራሁት። ባለዳቦው በር ላይ ቆሟል። አንዲት ሌላ ደንበኛም ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ትራሱ ላይ።

"ይሸታል?"

ወንድሜ እጁን ጠረገ። ጎንበስ አለ። ሳበ። ቀና ብሎ ባለዳቦውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ እኔን አየ። አይሸትም ካለኝ፣ ንጹሕ ነው ካለኝ፣ በቃ፣ ነገ ሄጄ ያንን ስልክ አነሳለሁ ብዬ ወስኜ ነበር።

"ይሸታል" አለ።

ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። "ይሸታል። ስፌቱ ጋ፣ በግራ በኩል። መልሰሽ እጠቢው።"

"በደንብ ነው ያጠብኩት" አልኩ።

"በደንብ አላጠብሽውም።"

ሄዶ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። ጆሮው ቀልቷል። እትዬ እንኳን አላለኝም።

ደሜ ፈላ። በደንብ አላጠብሽውም ይለኛል? እኔን? ሰው ፊት? ማሸጊያውን ከደንኩ፣ ጃኬቴን አወለቅኩ፣ አጠብኩት። እየተሳደብኩ አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ ጠራሁት።

ሳበ። ብዙም አላሰበም።

"ይሸታል።"

"የት ጋ?"

"እዚያው። አንዴ ሰምተሽኝ ቢሆን ኖሮ አንዴ ይበቃው ነበር።"

ባለዳቦው ሳቁን ሊደብቅ ወደ ውጭ ዞረ። እኔ መዶሻ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም፣ ባልዲ አገኘሁ። እንደገና ሞላሁት።

ስንዘጋ ሌላኛውን ሰልባትዮ አምጡት ብሎ ሲደውል ሰማሁት። "እህቴ ትሠራዋለች" አለ። "ጊዜ ይወስዳል ግን፣ አሁን አሁን ትንሽ ሰነፍ ሆናለች።"

ሰነፍ! ነገ ጠዋት እጠራዋለሁ። ደግሞ ይሸታል ካለኝ በባልዲው ነው ግንባሩን የምለው። ከዚያ አጥበዋለሁ።